ተገልጋዬ ፊት አለቀስኩ፤ አጽናንተውኝ ሄዱ

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ይህን የምጽፈው ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲንከባለል ሦስት ሳምንት ስለሆነው ነው።

አንድ አባት ናቸው። ከወረዳ በጠዋት ሚኒባስ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ያመጣቸው ራስ ምታት ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ልቤን ይመታኛል። ደም ሰጥተው፣ ልባቸው ታይቶ፣ «ምንም የለብዎትም» ተብለው ወደ እኔ ተላኩ። (ሰው አልተኛሁም እያለ ምንም የለብህም የሚባለው ነገር አንድ ቀን ራሱን የቻለ ክር ይከፈትበታል።)

ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ በሬያቸውና ስለ ማሽላው አወራን። ልጃቸው በ2014 በጦርነቱ እንደሞተ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። እሳቸው አላነሱትም፣ እኔም አልጎተጎትኳቸውም። በሦስተኛው ቀጠሮ ሰዓቱ አለቀ። «እንግዲህ ልነሳ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ስልኩን እኮ አሁንም ቻርጅ አደርገዋለሁ።»

«የማንን ስልክ አባባ?»

«የልጁን። ማታ ማታ እሰካዋለሁ። መክፈቻውን አላውቀውም። ሲሞላ መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፤ እሷን አይቼ ጋደም እላለሁ።»

እንባዬ ዱብ አለ። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ተንሰቀሰቅኩ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተመለሱ። «አብሽሪ ልጄ። አብሽሪ። አላህ ያጽናሽ። አስቸገርኩሽ አይደል?» አሉኝ። ስለ ስልኩ ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ሄዱ።

በቀጣዩ ቀጠሮ መጡና ገና ሳይቀመጡ «አልሐምዱሊላህ እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺስ ተሻለሽ?» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ተጨዋወትን፣ ራስ ምታቱም «ቀለል ብሎኛል» ተባለ፣ ተነሱ። ታካሚዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ሰው መሆንሽን አይተዋል፣ ምን ችግር አለው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አማካሪ አያለቅስም፣ አለቀ» ይላሉ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ቀጣዩ ቀጠሯችን ሐሙስ ነው።

---

ቶሳ ግርጌ · ሰኞ ማታ 3:51

እህቴ፣ አትቀየሚኝና እኔ ይህ «ቴራፒ» የሚባል ነገር ለወሎ ሰው ምን እንደሚጨምርለት አይገባኝም። እኛ ጋ ቅሬ አለ፣ ዕድራችን። ለቅሶ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ይቀመጣል። ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ይደረጋል፤ ጭንቀቱን የተናገረውም ያልተናገረውም «አሚን» ይባልለታል። የተጣላውን ሽማግሌ ያስታርቀዋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሽማግሌ ሚኒባስ ተሳፍረው መጥተው የማያውቋት ልጅ ፊት ሆዳቸውን ይግለጡ? ስታለቅሺ ያጽናኑሽ ባህላቸው ስለሆነ ነው። እሳቸው ጤነኛ ናቸው።

---

የቦርከና ልጅ · ሰኞ ማታ 4:15

ቶሳ ግርጌ፣ እኔ ተገልጋይ ሆኜ ስላየሁት እኔ ልመልስልህ።

ለቅሶ ቤት ሁሉም የራሱን ሟች ነው የሚያለቅሰው። አባቴ ሲሞት ጎረቤታችን ከእናቴ በላይ አለቀሰች፤ በኋላ ሲታወቅ ከአሥር ዓመት በፊት ለሞተ ልጇ ነበር። ለቅሶ ቤት ይህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ወጉ ነው። ሦስት ቀን አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ ግን «በቃ አሁን ቻል አድርገው» ትባላለህ። በአርባው ትዝ ትላቸዋለህ፣ በሙት ዓመቱ ትዝ ትላቸዋለህ። በመሃል ባለው ሌሊት ማን አለ? ያኔ ነው የሄድኩት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሁለት አማካሪ ጋ ሄጃለሁ። ከተማውን አልናገርም።

የመጀመሪያዋ ፊቷ እንደ ግንብ ነበር። ሚስቴ ጥላኝ እንደሄደች ስነግራት ቅጽ እየሞላች «በሳምንት ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣሉ?» አለችኝ። ቅጹ መሞላት ይኖርበት ይሆናል፣ አልከራከርም። ግን ቀና ብላ እንኳ ብታየኝ ምን ነበረበት? ሁለተኛ አልተመለስኩም።

ሁለተኛው ደግሞ በጣም ግልጽ ሰው ነበር። ከልኩ ያለፈ ግልጽ። «እኔም ተፋትቻለሁ ወንድሜ፣ ይገባኛል» ብሎ ጀመረና ግማሽ ሰዓት ስለ ፍቺው፣ ስለ ቤት ክፍፍሉ፣ ስለ አማቱ አወራኝ። አማቱን ጠላኋት። ስወጣ ግን የከፈልኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ።

እና ሐይቅ ዳር፣ ማልቀስሽ ከግንቡ ይሻለኛል። ግን አባባ ያን ቀን ስለ ስልኩ ሊነግሩሽ ያሰቡት ቀጣይ ነገር ነበር። እሱ ነው የጠፋው።

---

ነጭ ጋዋን · ማክሰኞ ጠዋት 1:05

ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ይቅር በሉኝ።

እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እናንተ ስለ ማልቀስ ትከራከራላችሁ፤ እኔ ጋ ኮሪደሩ ሞልቶ ወረፋው እስከ ግቢው ነው። ለአንድ ሰው ያለኝ ጊዜ መድኃኒቱን መውሰዱን፣ መተኛቱን፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ጠይቄ ካርድ ላይ የምጽፍበት ያህል ነው። ስጀምር እኔም ሆደ ቡቡ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ እንጀራ እያቀረብኩ አለቅስ ነበር። አሁን አላለቅስም። ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጇን ከፀበል በሰንሰለት አስራ አመጣችው። ሰንሰለቱን ሳይ የመጣብኝ ሐሳብ «ቁልፉን ማን ይዞታል?» የሚል ብቻ ነበር። ማታ ላይ ነው የደነገጥኩት። ስለ ልጁ አልነበረም የደነገጥኩት፣ ስለ ራሴ ነው።

እና እኅቴ፣ ማልቀስ መቻልሽን እንደ በሽታ አትይው። የኔ የባሰ ነው። ግን በየቀጠሮው እንዲህ ብትሆኚ ሁለት ዓመት አትቆዪም፤ እሱንም እወቂው።

---

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሲስተር፣ የሰንሰለቱን ስታወሪ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያ በድካም የመጣ መደንዘዝ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ደግሞ መደንገጥሽ ራሱ ቡቡው ሆድ እንዳልሞተ ይናገራል።

«ሆደ ቡቡ» ያልሽው ቃል ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። አማርኛ ስሜትን ሆድና አንጀት ውስጥ ነው የሚያኖረው። እናቶቻችን ደግሞ ሆዱን ዝም ብለው አንድ ላይ አልከመሩትም። *ሆደ ባሻ* አለ፤ በትንሽ ነገር የሚከፋው፣ ሰው ሲያዝን ሐዘኑን ወደ ራሱ የሚያዞር። *ሆደ ቡቡ* አለ፤ የሌላው ጉዳት አንጀቱን የሚበላው። *ሆደ ሰፊ* ደግሞ የሰማውን ሁሉ ችሎ የሚያስቀምጥ ነው። እኔ ስማር «ስሜትን መቆጣጠር» ሲባል ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልለው ነበር የሰጡን። ለዚህ ሥራ ቡቡነቱም ስፋቱም አንድ ላይ ያስፈልጋል። ያለ ስፋት ቡቡ የሆነ ሰው ቶሎ ወደ ባሻነት ይገለበጣል፤ ያን ቀን እኔን የገጠመኝ ይኸው ይመስለኛል።

ቶሳ ግርጌ፣ አልተቀየምኩህም። ቅሬውንና ወዳጃውን እኔም አልተካም፤ መተካትም አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ቡና ላይ ትልቁ ወሬ መቼ ነው የሚወጣው? አቦል ላይ የጤና፣ የዝናብ፣ የገበያ ነው። ቶና ላይ ሐሜት ይመጣል። ሰው የሆዱን የሚያወጣው በረካ ላይ፣ ግማሹ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። የኔም ክፍል እንደዚያው ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ስለ ማሽላ ይወራና ዋናው ነገር እጅ በሩ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ፈረንጆቹም ይህን ያውቁታል፤ ከበሩ እጀታ ጋር አያይዘው ስም አውጥተውለታል። እኔ ግን በረካ ነው የምለው።

---

ወረቀት በላ · ረቡዕ ንጋት 11:50

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው፤ ቢረዝም ቻሉት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ንግግርን ሕክምና ያደረገው የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ በ1910 ታካሚው በሐኪሙ ውስጥ ለሚቀሰቅሰው ስሜት «ካውንተርትራንስፈረንስ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሐኪሙ አውቆ ሊያሸንፈው የሚገባ እንቅፋት አድርጎም አየው። በ1912 ደግሞ ሐኪሙ እንደ መስታወት ይሁን፣ ከታየው በቀር ምንም አያሳይ አለ። ስሜቱንም ኦፕራሲዮን እንደሚሠራ ሐኪም ወደ ጎን ያድርግ ሲል ጨመረ። ባልደረቦችሽ «አማካሪ አያለቅስም» ሲሉሽ የሚናገሩት ፍሮይድን ነው፣ አወቁትም አላወቁት።

ግን ሰውየው ራሱ የሰበከውን አልኖረውም። «የአይጡ ሰው» እየተባለ ስለሚታወቀው ታካሚው በያዘው ማስታወሻ ውስጥ፣ አንድ ቀን ታካሚው ርቦት እንደመጣና ምግብ እንደተሰጠው ጽፏል። መስታወት ምሳ ያበላል እንዴ? ይህን ሳነብ ፍሮይድ ወሎ ውስጥ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም ብያለሁ።

ነገሩን የገለበጠችው በፍሮይድ ትምህርት የምትሠራ ሐኪም፣ ፓውላ ሃይማን ናት። በ1950 ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ የሐኪሙ ስሜት ታካሚውን ለመረዳት ከሚያገለግሉት ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው አለች። ይህን ጠቅሰው ግን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሃይማን ሐኪሙ ስሜቱን ይዞ ያጥናው አለች እንጂ ለታካሚው ይዘርግፈው አላለችም።

ከዚያ በ1957 አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ መጣ። ሰው በቴራፒ እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች ውስጥ ሦስቱ የአማካሪው ድርሻ ናቸው። ከራሱ ጋር እውነተኛ መሆን፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ የሰውየውን ዓለም የራሱ *እንደሆነ* አድርጎ መረዳት። በመጨረሻው ላይ አጥብቆ ያሳሰበው «እንደ»ው እንዳይጠፋ ነው። ሐዘናቸው የአንቺ *እንደሆነ* ሊሰማሽ ይገባል፤ የአንቺ *ከሆነ* ግን እሳቸውን የሚሰማ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

አንድ ልጨምርና ልተኛ። ታንያ ሲንገር የምትባል ጀርመናዊት የአእምሮ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሰዎችን በሁለት መንገድ አሠልጥና ነበር። የሌላውን ሥቃይ አብሮ መሰማት ብቻ የተለማመዱት መጥፎ ስሜታቸው ጨመረ፤ ከዚያ ለሚሠቃየው ሰው በጎ መመኘትንና ርኅራኄን ሲለማመዱ ግን ስሜታቸው አገገመ። የሲስተር ነገር እዚህ ላይ የሚገባ ይመስለኛል። ያደከማት ርኅራኄው ሳይሆን ርኅራኄ የሚያሳዩበት ጊዜ ሳይሰጡ በሥቃይ መሙላቱ ነው።

---

ነጭ ጋዋን · ረቡዕ ጠዋት 12:30

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለአለቃዬ ልላክለት?

---

ሦስተኛ ዓመት · ረቡዕ ከሰዓት 8:10

ተማሪ ነኝ፣ ሳይኮሎጂ። ክሩን ሁለቴ አነበብኩት። ባለፈው ሴሚስተር የምክክር ልምምድ ስናደርግ ታካሚ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ የውሸት ታሪክ እየነገረኝ አለቀስኩ። የውሸት! ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። አስተማሪው «አንቺ በዚህ ሙያ አትዘልቂም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ ከንፈሬን ከውስጥ እነክሳለሁ። የሚናገረውን ግን አልሰማም፣ ስለ ከንፈሬ ነው የማስበው። ምን ላድርግ?

---

ሐይቅ ዳር · ረቡዕ ማታ 2:15

የኔ እህት፣ እኔም ጥርሴን እነክስ ነበር። ችግሩን ራስሽ ተናግረሽዋል፤ ከንፈርሽን ስትጠብቂ ሰውየው ብቻውን ቀረ።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። በልኬ የተሰፋ ነው፣ አንቺን ላይገጥም ይችላል። እንባው ሲመጣ መጀመሪያ የማውቀው ጉሮሮዬ ላይ ነው። ያኔ እግሬን ወለሉ ላይ አጥብቄ እረግጣለሁ፣ ትንፋሼን ሳወጣ አስረዝማለሁ፣ በልቤ «ነካኝ» እላለሁ። እንባውን ለማባረር አይደለም። አንድ ሁለት ዘለላ ቢወርድ ይውረድ፣ በሶፍት ጠርጌ ዓይኔን ከሰውየው ሳልነቅል እቆያለሁ። አብዛኛው ሰው ሲያይሽ አይሸሽም። የሚሸሸው እንዳትፈርሺበት ሲሰጋ ነው።

ከዚያ አፌ ላይ ቃል ሲመጣ፣ በተለይ «እኔም» የሚል ቃል ሲመጣ፣ ይህን የምናገረው ለማን ነው እላለሁ። መልሱ እስኪመጣ ዝም። ዝምታ ደግሞ እኛ አገር ሰው አያስጨንቅም፤ ተማሪ ቤት ነው ያስጨነቀን። አንዳንዴ መልሱ «ለእሱ» ይሆናል። አንዲት ልጅ «አንቺ ልጅ አለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ «አለኝ» ብዬ በአንድ ቃል መልሼ «ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኳት፤ ከዚያ ሙሉ ሰዓት ስለ እናቷ አወራን። ስለ ልጄ ትኩሳት ብነግራት ኖሮ ሰዓቱ የኔ ይሆን ነበር፣ ልክ እንደዚያ የቦርከና ልጅ አማካሪ አማት።

አስተማሪሽ ያለውን አላምንበትም። ሆድ አይሰፋም ያለው ማን ነው? እኔን ሦስት ነገር አስፍቶኛል፤ የራሴን ሐዘን ይዤ የምሄድበት ሰው መኖሩ፣ ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ መሄዴ፣ ሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ አለመያዜ። አዎ፣ ሦስተኛው በጣም ተራ ነው።

---

የሼሁ ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:00

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በአካባቢያችን ሰው ጭንቀቱን የሚያዋያቸው ሰው ነበሩ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣ ነበር፤ ወሎ ነውና። ልጅ ሆኜ ቡና ሳቀብል የማየው፣ ሰው ሲያለቅስ አባቴ አያለቅሱም፣ ፊታቸውም አይደርቅም። ሙስባሐቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ማንከባለል ያቆማሉ፣ በቃ። ጣታቸው አንዷ ፍሬ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰውየው ሲጨርስ ፍሬዋ ታልፋለች።

አንድ ቀን «አባ፣ አያሳዝንዎትም እንዴ?» አልኳቸው። «ሰው አማና፣ አደራ፣ ሲሰጥህ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ይፈሳል» አሉኝ።

አባቴ ግን እንደ ድንጋይ አልነበሩም። ሌሊት ተነስተው ሲሰግዱ የስንቱን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ቦታው ሌላ ነበር ማለቴ ነው። እህቴ፣ አንቺ ይዘሽ የምትሄጂበት ሰው እንዳለሽ ጽፈሻል። ያን ቀን ለዚያ ሰው ነገርሽው?

---

ሐይቅ ዳር · ረቡዕ ማታ 3:32

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ነገርኳት፣ በስልክ። ሱፐርቫይዘሬ ናት፤ በሙያው እኔን በሃያ ዓመት የምትበልጥ ሴት። ሁሉንም ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ለማን ነው ያለቀስሽው?»

እዚህ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ወንድሜም በዚያው በ2014፣ ኅዳር ላይ ነው ያለፈው። የመጨረሻ የድምፅ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ፤ አላጠፋሁትም፣ አልሰማሁትምም። አባባ «ቻርጅ አደርገዋለሁ» ሲሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘለላዎች የእሳቸው ነበሩ። ቀሪው የኔ ነው። እሳቸውም ያጽናኑት እኔን ነው፣ እውነታቸውን ነበር።

---

የመርሳ ብርቱካን · ረቡዕ ማታ 4:05

ነፍስ ይማር እህታችን።

እኔ ስለ «ግልጽነት» አንድ ነገር ልበል። እናቴ በ77ቱ ረሃብ ሁለት ልጆች ቀብራለች። በሕይወቷ ሙሉ ስለ እነሱ ሲጠይቋት «ያልፋል» ትል ነበር እንጂ አትተርክም። አንድ ድርጅት መጥቶ ባለሙያዎቹ «ስሜትዎን ይግለጹ» ሲሏት ጭራሽ ተሳቀቀች። ዝግ ሴት ናት ብለው ጽፈው ሄዱ መሰለኝ። እነሱ ሲወጡ ምጣድ ጥዳ ስታንጎራጉር የሰማኋት እኔ ነኝ፦

*ጭሱ ነው እላለሁ ሰዎች ቢጠይቁኝ፣*
*ከምድጃው ይልቅ የሆዴ አቃጥሎኝ።*

አምባሰልንና ባቲን ለቅኝት ስም የሰጠ አገር ሰው፣ ፊት ለፊት ካልተናገረ ዝግ ነው ይባላል? አባባ «ልጄ ናፈቀኝ» አላሉም፤ «መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች» አሉ። ሰምና ወርቅ ነው ይኼ። ወርቁን በግድ አውጣ ብለሽ አታስቸግሪያቸው፤ በሰሙ ውስጥ አብረሻቸው ተቀመጪ።

---

ቶሳ ግርጌ · ረቡዕ ማታ 4:20

እሺ። የእናትሽ ግጥም ገደለኝ። ክርክሬን ለዛሬ አቁሜያለሁ፤ ነገ እቀጥላለሁ።

---

ሐይቅ ዳር · ሐሙስ ማታ 2:50

መጡ።

እንዳስለመዱኝ «አንቺስ ደህና ነሽ?» ብለው ጀመሩ። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ጠፋብኝ። የቀረው ይህ ነው፦ «አባባ፣ ያን ቀን ያለቀስኩት የነገሩኝ ነገር ነክቶኝ ነው። እርስዎ አላስቸገሩኝም። እኔ የራሴን የማወራበት ቦታ አለኝ። ይህ ቦታ ግን የእርስዎ ነው።» ስለ ወንድሜ አልነገርኳቸውም።

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ፤ ታች መንገዱ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሌላ ባጃጅ ሲያልፍ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፦

«ትችይዋለሽ?»

ይህን ነበር ለካ የሚፈልጉት። ለካ በበሩ ላይ ስልኩን የነገሩኝ ሊፈትኑኝ ነው፤ ትንሿን ወርውረው ትሸከም እንደሆነ ሊያዩ። እኔ ትንሿን ጣልኳት።

«እችለዋለሁ» አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም።

ያወሩትን እዚህ አልጽፍም። ሰዓቱ አልፎ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆየን። ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ አይተውታል፣ ማውራታቸውን ግን አላቋረጡም። ሲነሱ «ልጄ» ሳይሆን «ሐኪሟ» ብለው ተሰናበቱኝ። ደስ አለኝ ወይስ ከፋኝ? ሁለቱም።

---

ወረቀት በላ · ሐሙስ ማታ 3:10

የተበላሸ ነገር ሲጠገን ከመጀመሪያው በላይ ይጠነክራል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በአማካሪና በተገልጋይ መሃል የሚፈጠር ስንጥቅና ጥገና ራሱ የቴራፒው አካል ነው ይላሉ። እስከ ዛሬ የወረቀት ወሬ ይመስለኝ ነበር።

---

ያገር ሰው · ሐሙስ ማታ 3:44

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ሐይቅ ዳር፣ ስለ ግልጽነት ይህን ሁሉ እያወራሽ የአንድን ሰው ምስጢር ማንም በሚያነበው ቦታ ዘርግተሻል። ከወረዳ የሚመጡ፣ ልጅ የሞተባቸው፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርጉ። ጎረቤታቸው ቢያነብስ? ይህ አማና ነው?

---

ሐይቅ ዳር · ሐሙስ ማታ 4:02

ልክ ነህ፣ ይህ መጠየቅ አለበት። ከመጻፌ በፊት ስም ሳልጠራ፣ ማንነታቸውን ቀይሬ ሰው እንዲማርበት ልጻፈው ወይ ብዬ አስፈቅጃለሁ፤ «ለሰው ከጠቀመ ጻፊው» ብለውኛል። የዛሬውንም ከመለያየታችን በፊት ጠይቄያለሁ። ደግሞ ያነበብከው ሁሉ እንዳለ አይደለም። ማሽላው ማሽላ ላይሆን ይችላል፣ ቀኑም ሐሙስ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ዕቃም ሌላ ዕቃ ነው። የኔ እንባ ብቻ ነው ያልተቀየረው።

ግን ጥያቄህ ሌላም ነገር ነካኝ። ሰኞ ማታ ይህን ስከፍት ለማን ነበር የጻፍኩት? ለሙያው ብያለሁ። ትንሽ ለራሴም ነው። የራሴ የሆነውን ያህል ከዚህ በኋላ ወደ ሱፐርቫይዘሬ እወስደዋለሁ።

---

ሞባይል ጠጋኝ (ፒያሳ) · ዓርብ ጠዋት 4:30

ሰላም። እኔ እንደ እናንተ የተማርኩ አይደለሁም፤ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ስጠብቅ አነበብኩት። ዕቃው ሌላ ዕቃ ከሆነ ይቅርታ፣ ስልክ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልበል። መክፈቻው የጠፋ ስልክ ማንም ጋ ወስደው «ክፈትልኝ» እንዳይሉ። ብዙዎቹ ሪሴት ነው የሚያደርጉት፤ ሪሴት ከተደረገ ውስጡ ያለው ፎቶም መልእክትም ሁሉም ይጠፋል። ሜሞሪ ካርድ ካለው ግን ካርዱን አውጥቶ ማየት ይቻላል፣ ፎቶዎቹ እዚያ ላይ ተቀምጠው ከሆነ። ቁልፉን መንካት አያስፈልግም። ባትሪውም ሁልጊዜ ከተሰካ ሊያብጥ ስለሚችል ጀርባው እብጠት እንዳለው ይታይ። ይምጡ፣ ገንዘብ አልቀበልም።

---

ሐይቅ ዳር · ዓርብ ቀን 6:15

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ይህን ባነበው ኖሮ ዛሬ ጠዋት ደውዬላቸው ነበር፤ እጄ ስልኬ ላይ ሄዶ ነበር እንኳ። ግን እንዲከፈት አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ቀን ሱቅህን እነግራቸዋለሁ።

የባትሪውን ነገር ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እነግራቸዋለሁ። እሱ እሳት ነው።

---

ሞባይል ጠጋኝ (ፒያሳ) · ዓርብ ቀን 6:21

እሺ። ቻርጀሩም ኦሪጅናል መሆኑን ይዩት።